መንበሩ የማን ነው? ስለ ጆርጅያው እንደራሴ ስለ ጁልያን ቦንድ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዐደባባይ ንግግር ላይ ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ነገሥታት፣ ፕሬዚዳንቶችና ጦር የመሩ መኳንንት መሆናቸውን ሳልዘነጋ፣ እኔ ግን ለዛሬው ትምህርት የመረጥሁት በመዐርግ ከእነዚህ ሁሉ ዝቅ ያለውን፣ ከአንድ ከተማ ጥቂት ሰፈሮች ተመርጦ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት የሄደውን እንደራሴ ነው፤ ምክንያቱም በአሜሪካ አገር የትምህርት ቤቱ በጀት፣ የመንገዱ ሥራ፣ የወንጀለኛው ቅጣት፣ የምርጫውም ሥርዐት ሳይቀር በብዛት የሚወሰነው በዋሽንግተን ሳይሆን በሃምሳዎቹ ግዛቶች ምክር ቤቶች ስለ ሆነ፣ ሕግ ከሕዝብ ኑሮ ጋራ ፊት ለፊት የሚገናኘው በእንዲህ ያለው ሰው እጅ ነው። ሰውየው ጁልያን ቦንድ ይባላል፤ ግዛቱ ጆርጅያ፣ ከተማው አትላንታ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆን፣ ሁለቱን የጆርጅያ ምክር ቤቶች ደግሞ በቀድሞው የአገራችን ፓርላማ አጠራር፣ ታችኛውን የሕግ መምሪያ፣ ላይኛውን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እላቸዋለሁ።

የሰውየውን ታሪክ ከልደት እስከ ሞት ለመዘርዘር አልተነሣሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ አንድን ሰው ወደ ጉባኤ በላከው ጊዜ፣ ያ ሰው የሚቀመጥበት መንበር የማን ገንዘብ ነው? የላኩት ሰዎች ነውን፣ ወይስ ከእርሱ አስቀድመው በጉባኤው የተሰየሙት? ጆርጅያ ይህን ጥያቄ በመቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ፣ ሁለቱንም ጊዜ በስሕተት መልሳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቃናት ከውጭ የመጣ እጅ ነው።

የቦንድን ነገር ከአያቱ መጀመር ይገባል። ቅድመ አያቱ ጄን ቦንድ በኬንታኪ ግዛት ባሪያ ነበረች፤ ልጇ ጄምስም በ1863 በባርነት ተወለደ። በቤተ ሰቡ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ወግ እንደሚለው፣ ጄምስ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ማንበብና መጻፍ በቅጡ ሳያውቅ፣ አንድ ወይፈን በገመድ አስሮ እየሳበ፣ ኬንታኪን በእግሩ አቋርጦ ወደ በርያ ኮሌጅ ሄደ፤ ወይፈኑ የትምህርቱ ክፍያ ነበረ። በ1892 ተመረቀና የወንጌል አገልጋይ ሆነ። እኛ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ፊደል ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ በዐይናችን ያየን ሰዎች፣ ይህን ጥቁር ልጅና ወይፈኑን በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ለማየት ብዙ አንቸገርም። የጄምስ ልጅ ሆረስ ማን ቦንድ የታሪክ ሊቅ ሆኖ፣ በጆርጅያ የፎርት ቫሊን ኮሌጅ ካስተዳደረ በኋላ፣ በ1945 የፔንሲልቬንያው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ይህም ዩኒቨርሲቲ የጋናው ክዋሜ ንክሩማና የናይጄርያው ናምዲ አዚኪዌ የተማሩበት ነው።

ጁልያን የሆረስ ልጅ ነው፤ በጥር 14 ቀን 1940 በናሽቪል ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱና የአባቱ ወዳጆች፣ ከእነርሱም አንዱ ታላቁ ሊቅ ዱቦይስ ነበሩ፣ እርሱንና እኅቱን ለትምህርት ሕይወት እንዲሆኑ በሥነ ሥርዐት ሰጡአቸው፤ ልክ በእኛ ዘንድ እናት የስለት ልጇን ለቤተ ክርስቲያን እንደምትሰጥ ያለ ነው። ልጁ ግን ለዚያ ስለት ወዲያው አልተገዛም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው፣ ጦርነትን በሃይማኖት በሚቃወሙት በኩዌከሮች ትምህርት ቤት ነበር፤ ይህን አደራ በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ይፈለጋልና። በ1957 አትላንታ ወደሚገኘው ወደ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ።

በየካቲት 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ከተማ፣ ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ቦንድ በኮሌጁ አጠገብ ባለ አንድ የመድኃኒት መደብር ተቀምጦ ሳለ፣ ሎኒ ኪንግ የተባለ የኮሌጅ ጓደኛው ያንን ዜና የያዘ ጋዜጣ ይዞ ቀረበና፣ ይህ ነገር በአትላንታም መሆን የለበትምን ብሎ ጠየቀው፤ ቦንድ አንድ ሰው ማድረጉ አይቀርም ብሎ በመለሰ ጊዜ፣ ያ አንድ ሰው እኛ ብንሆንስ አለው። በመጋቢት 15 ቀን ተማሪዎቹ በከተማው ልዩ ልዩ የምግብ ቤቶች ተሰማርተው ተቀመጡ፤ ቦንድም የራሱን ጭፍራ እየመራ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ምግብ ቤት ሄዶ ታሰረ። በሚያዝያ የተማሪዎች ያለ ዐመፅ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ በተመሠረተ ጊዜ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ በኋላም ትምህርቱን አቋርጦ የኮሚቴው የማስታወቂያ ክፍል ኀላፊ ሆኖ እስከ 1966 አገለገለ። ሥራው መጻፍ ነበር፤ በሚሲሲፒ ወይም በአላባማ አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሰው ለምርጫ ልመዝገብ ብሎ ቢደበደብ፣ ያ ድብደባ ቀኑና ቦታው ተጣርቶ ወደ ጋዜጦች እንዲደርስ ማድረግ። እኔ ይህን ሰው እንደራሴ ያደረገው ይህ የጸሐፊነት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሌላውን ሰው ጕዳት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለጉባኤ ማሰማት ከእንደራሴነት ምን ይለያል?

አሁን ወደ ምርጫው ስሌት ልግባ፤ ነገሩ ደረቅ ቢመስልም ሳይነገር አይታለፍም። ጆርጅያ ካውንቲ የሚባሉ 159 አውራጃዎች አሉአት። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቷ 205 መንበሮች የሚከፋፈሉት በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በአውራጃ ነበር፤ ስምንቱ ታላላቆች ሦስት ሦስት፣ ቀጥለው ያሉት ሠላሳዎቹ ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 121 አንዳንድ እንደራሴ ይልካሉ። በ1960 የሕዝብ ቈጠራ አትላንታ የምትገኝበት የፉልተን አውራጃ ከ550,000 በላይ ነዋሪ ይዛ ሦስት እንደራሴ ስትልክ፣ በደቡቡ ጠረፍ ያለችው የኤኮልስ አውራጃ 2,000 እንኳ ያልሞላ ነዋሪ ይዛ አንድ ትልክ ነበር። ስለዚህ በሕግ መምሪያው ፊት አንድ የኤኮልስ ሰው ከዘጠና በላይ የአትላንታ ሰዎች ይመዝን ነበር ማለት ነው። ጥቁሮች በብዛት ወደ ከተሞች በፈለሱበት ዘመን፣ ይህ ሚዛን ማንን ለማቅለል እንደ ተሠራ መናገር አያስፈልግም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964፣ የየግዛቱ ሁለት ምክር ቤቶች መንበራቸው በሕዝብ ቍጥር ልክ ይደልደል ብሎ በፈረደ ጊዜ ጆርጅያም ካርታዋን ልትሥል ግድ ሆነባት፤ በአትላንታም ከዚህ በፊት ያልነበሩ የምርጫ ክልሎች ተፈጠሩ። ከእነዚህ አንዱ 136ኛው ነበር።

ቦንድ ለዚህ ክልል ሲወዳደር ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ፣ በረንዳ ላይ እየተቀመጠ፣ ሰዎቹን ምን እንደሚሹ ይጠይቅ ነበር፤ ከሰማውም በመነሣት የሰዓት ደመወዝ ወለል ሁለት ዶላር እንዲሆን፣ የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያዳክመው ሕግ እንዲሻር፣ የሞት ቅጣትም እንዲቀር እሠራለሁ ብሎ ቃል ገባ። በሰኔ 1965 በተደረገው ምርጫ 2,320 ድምፅ አገኘ፤ ተወዳዳሪው፣ እርሱም ጥቁርና የዩኒቨርሲቲ ሹም የነበረው፣ 487 አገኘ። እነዚህን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ሰዎች አትርሱአቸው። ክርክሩ ሁሉ የእነርሱ ነው።

ምክር ቤቱ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ በጥር 3 ቀን 1966 ሌሊት፣ በአላባማ በተስኪጊ ከተማ ሳሚ ያንግ የተባለ የ21 ዓመት ጥቁር ተማሪ፣ በአሜሪካ ባሕር ኀይል አገልግሎ የተመለሰ ልጅ፣ ለነጮች በተለየ የነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ምክንያት በተነሣ ጠብ በጥይት ተገደለ። ለአገሩ የባሕር ኀይል ልብስ የለበሰ ሰው በአገሩ በመጸዳጃ ቤት ጠብ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ያ የተማሪዎች ኮሚቴ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ፤ በግድ ለመዝመት ለማይወዱ ወጣቶችም አጋርነቱን ገለጸ። መግለጫውን ያነበበው የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጆን ሉዊስ ነበር። ቦንድ አላረቀቀውም፤ ዳሩ ግን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስልክ ደውሎ በመግለጫው ትስማማለህን ብሎ ሲጠይቀው፣ አዎን አለ። በኩዌከሮች ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አራት ቀን ዝም ቢል ኖሮ ያለ አንዳች ችግር መንበሩ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ጥር 10 ቀን ሰኞ ነበር። ወርቅ በተቀባው ጕልላት ሥር አዲሶቹ እንደራሴዎች ተሰብስበው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የጆርጅያንና የአሜሪካን ሕገ መንግሥት እጠብቃለሁ ብለው ሊምሉ በተሰለፉ ጊዜ፣ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቦንድን ገለል እንዲል ጠየቀው፤ 75 እንደራሴዎች እርሱ እንዳይምል አቤቱታ አስገብተውበት ነበርና። ሌሎቹ እጃቸውን አነሡ፣ ቃሉን ተቀበሉ፣ ተቀመጡ። ወጣቱ ግን ዳር ቆሞ የሌሎቹን መሐላ ሰማ። ከመሐላ ተለይቶ መቆም ምን እንደሚመስል፣ ግዝት ተነግሮበት ማኅበሩ ወደ መቅደስ ሲገባ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርን ሰው ያየ ያውቀዋል።

በዚያው ቀን የምርመራ ጉባኤ ተሰየመ። የሬዲዮው ድምፅ ተከፍቶ ተሰማ፤ ቦንድም ተጠየቀ። የክተት ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉ ወጣቶች ምን ትላለህ ሲሉት፣ ቅጣቱን እያወቁ ለእምነታቸው የሚቆሙትን ሰዎች ድፍረት እንደሚያደንቅ፣ ነገር ግን ማንንም አቃጥል ብሎ እንዳልመከረና የራሱም ካርድ በኪሱ እንዳለ ተናገረ። ለመማል ዝግጁ መሆኑንም አስረዳ። ከሳሾቹ ግን፣ የተናገረው ነገር በልቡ ያለውን ስለ ገለጠ፣ መሐላውን ቢምል እንኳ በቅንነት አይምልም አሉ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፤ አንድ ሰው በአፉ የሚምለውን መሐላ በልቡ ይማለው ወይስ አይማለው የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ይህን ሥልጣን አንድ የፓርላማ ጉባኤ ለራሱ በወሰደ ጊዜ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቂ ድምፅ ያለው ሁሉ የጠላውን ሰው ልብህ አልጠራም ብሎ ያስወጣዋል። ድምፅ ተሰጠ፤ 184 እንዳይቀመጥ፣ 12 እንዲቀመጥ። በሩ ተዘጋ።

ለጆርጅያ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ፣ በ1868፣ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበትና በተመረጡበት ምርጫ 33 ጥቁሮች ወደ ሁለቱ ምክር ቤቶች ገብተው ነበር፤ በመስከረም ወር ግን ነጮቹ እንደራሴዎች፣ ሕገ መንግሥቱ ጥቁር እንዲመርጥ እንጂ እንዲመረጥ አልፈቀደም የሚል ምክንያት አምጥተው አባረሩአቸው፤ በሕግ መምሪያው ከመባረር የዳኑት መልካቸው ወደ ነጭ የሚያደላው አራቱ ብቻ ነበሩ። ከተባረሩት አንዱ ሄንሪ ማክኒል ተርነር በጉባኤው ፊት ቆመው፣ መብቴን ልለምናችሁ ሳይሆን ልጠይቃችሁ መጥቻለሁ የሚል መንፈስ ያለው ብርቱ ንግግር አድርገው ወጡ። የዋሽንግተኑ መንግሥት በ1870 በግድ አስመለሳቸው፤ ዳሩ ግን ዘመኑ ወዲያው ተገለበጠና፣ በ1907 የመጨረሻው ጥቁር እንደራሴ ከሄደ በኋላ እስከ 1963 ድረስ በሁለቱም ምክር ቤቶች አንድም ጥቁር አልተቀመጠም። ስለ ተርነር ስናነሣ ለእኛ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። እኚህ ሰው በኋላ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነው፣ በ1898 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጕዘው፣ የዚያ አገር ጥቁር ክርስቲያኖች ከነጮች አብያተ ክርስቲያናት ተለይተው የመሠረቱአትን፣ ከመዝሙረ ዳዊት ስሟን የወሰደችውን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አገልጋዮች ቀብተዋል። ከጆርጅያ ምክር ቤት የተባረረ ሰው የአገራችንን ስም የተሸከሙ ካህናትን እጁን ጭኖ ባረከ፤ የታሪክ መንገድ እንዲህ ይሄዳል።

ወደ ቦንድ እንመለስ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ምክር ቤቱ የተቃውሞ ሰልፍ መሩ፤ የ136ኛው ክልል ነዋሪ ስለ ነበሩም እንደራሴዬን ከለከሉኝ ብለው ከቦንድ ጋራ በክሱ ገቡ። ለእኔ ከክሱ ሁሉ ጠልቆ የሚሰማኝ ይህ ነው፤ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው፣ በዓለም የተከበረ ሰባኪ፣ በዚያ መዝገብ ውስጥ የቀረበው እንደ አንድ የሰፈር መራጭ ነው። ሦስት ዳኞች ያሉበት የፌዴራል ፍርድ ቤት በየካቲት ሁለት ለአንድ ሆኖ ለምክር ቤቱ ፈረደ፤ የተለየው ዳኛ ኤልበርት ተትል ነበሩ። በዚያው ወር ባዶ ነው ለተባለው መንበር የማሟያ ምርጫ ተደረገ፤ ሕዝቡ ቦንድን መረጠ፤ ምክር ቤቱ መልሶ ከለከለው። በኅዳር መደበኛው ምርጫ ሲደርስም ሕዝቡ ለሦስተኛ ጊዜ እርሱኑ መረጠ። እነዚያ የሠራተኛ ሰፈር ሰዎች ጠበቃ ሳይሆኑ፣ የሕገ መንግሥት ሊቅ ሳይሆኑ፣ ጥያቄው ከፍርድ ቤት አስቀድሞ ገብቶአቸው ነበር፤ መንበሩ የእኛ ነው ብለው በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ጻፉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 5 ቀን 1966 ፈረደ፤ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል፣ ፍርዱንም የጻፉት ሊቀ ዳኛው ኤርል ዋረን ነበሩ። ጆርጅያ የተከራከረችው፣ እንደራሴ ከተራ ዜጋ የበለጠ ታማኝነት ሊጠየቅ ስለሚገባው፣ ተራ ዜጋ ሊናገረው የሚችለውን ነገር እንደራሴ ቢናገረው መንበሩን ሊያጣ ይገባል ብላ ነው። ፍርዱ ይህን አስተሳሰብ ገለበጠው። ሕዝብን የሚወክል ሰው በሚያከራክሩ የመንግሥት ጉዳዮች ላይ አሳቡን የመግለጥ ሰፊ ነጻነት ይገባዋል፤ መራጮቹ በእርሱ ላይ ሊፈርዱ የሚችሉት፣ በጉባኤም የሚወከሉት እርሱ ሲናገር ነውና፤ የመሐላው ቃልም በአብዛኞቹ እንደራሴዎች እጅ የሌላውን እንደራሴ ቅንነት መመርመሪያ ሊሆን አይችልም አለ። በዚህ ፍርድ መሐላ የአፍ መለጐሚያ መሆኑ ቀረ። ፍርዱ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይጠቀሳል።

በጥር 1967 ቦንድ ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ። የመጀመሪያ ሥራው ሆኖ የገጠመውም ቀላል አልነበረም። ባለፈው ኅዳር በተደረገው የአገረ ገዥ ምርጫ ከሁለቱ ዋና ተወዳዳሪዎች ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ስላልነበረ፣ በግዛቱ ሕግ መሠረት መራጭ የሆነው ምክር ቤቱ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ሌስተር ማዶክስ፣ በ1964 ወደ ምግብ ቤቱ ሊገቡ የመጡ ጥቁሮችን በሽጉጥና በዶማ እጀታ ያባረረ ሰው ነበር። ምክር ቤቱ ማዶክስን በ182 ድምፅ በ66 ላይ መረጠ። ቦንድ ለሁለቱም ድምፁን አልሰጠም።

በነሐሴ 1968 በቺካጎ በተደረገው የዲሞክራት ፓርቲ ጉባኤ፣ በማዶክስ ወገን የተመረጠውን የጆርጅያ መልእክተኛ ቡድን የሚቃወም ሌላ ቡድን እየመራ ሄዶ፣ የጆርጅያ መንበሮች ለሁለት እንዲከፈሉ አደረገ። በዚያም ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠቍሞ፣ ዕድሜው 28 ስለ ሆነ፣ ሕገ መንግሥቱ ግን 35 ስለሚጠይቅ፣ ስሙን አወጣ። ያን ቀን የአሜሪካ ሕዝብ በቴሌቪዥን አወቀው።

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅሙ ዘመን ለተራኪ የማይመች፣ ለሕዝብ ግን የሚበጅ ነው። ቦንድ በሕግ መምሪያው አራት ዘመን፣ ከ1975 እስከ 1987 በሕግ መወሰኛው ስድስት ዘመን ተቀመጠ። ከስልሳ በላይ ሕጎች በእርሱ ወይም በእርሱ ተባባሪነት ወጥተዋል፤ ከእነዚህም በጥቁሮች ላይ የሚበዛውን የማጭድ ሕዋስ የደም ሕመም የሚመረምር መርሐ ግብር አንዱ ነው። በቺካጎ ብርሃን የታየው ሰው ዋጋ የሚመዘነው በእንዲህ ያለው ሥራ ነው ብዬ አስባለሁ፤ አንዲት እናት የልጇ ደም እንዲመረመርላት ሕጉን ማን እንዳረቀቀው ሳታውቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ሳታውቅም ትመለሳለች። እውነቱን ለመናገር ነቀፋም ነበረበት፤ በንግግር ጉዞ ከምክር ቤቱ ይርቃል፣ ዝናው ከሥራው ይቀድማል ይሉት ነበር። ነቀፋው ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ዝና እንደራሴን ከሰፈሩ ትወስደዋለች።

የመጨረሻው ትልቁ ሥራው የራሱ ፈተና ሆነ። ከ1980 ቈጠራ በኋላ የምርጫ ካርታ ሲሣል፣ የአትላንታው አምስተኛ የኮንግረስ ክልል ጥቁሮች የሚበዙበት እንዲሆን በሕግ መወሰኛው ታገለ፤ የሕግ መምሪያው እምቢ አለ፤ በዋሽንግተን ያለው ፍርድ ቤት ግን በ1982 ካርታው በአድልዎ አሳብ እንደ ተሣለ ፈርዶ አስለወጠው። በ1986 መንበሩ ክፍት በሆነ ጊዜ ቦንድ ተወዳደረ፤ በፊቱ የቆመው ግን የሃያ አምስት ዓመት ወዳጁ፣ ያንን የ1966 መግለጫ ያነበበው፣ በሰልማ ድልድይ ላይ በሰልፍ ሳለ በፖሊስ ዱላ ራሱ የተሰነጠቀው ጆን ሉዊስ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ 47 ከመቶ፣ ሉዊስ 35 ከመቶ አገኙ። በሁለተኛው ዙር ሉዊስ 52 ለ48 አሸነፈ። ከጥቁሮቹ መራጮች የሚበልጡት ለቦንድ ሲሰጡ፣ ነጮቹ ለሉዊስ ሰጥተው ሚዛኑን ደፉት። በዚያ ዘመቻ የተለዋወጡት መራራ ቃል ወዳጅነታቸውን ለብዙ ጊዜ አቈሰለው። እኔ በዚህ ታሪክ ከሚያሳዝነኝ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ሁለቱ አብረው የከፈቱት በር አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ቦንድ ግን መንበሩ የእኔ ነው ብሎ አልተከራከረም፤ በ1966 መራጮቹ ናቸው የመንበሩ ባለቤቶች ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ሰው፣ በ1986 የእነዚያኑ ባለቤቶች ፍርድ ተቀብሎ ከምርጫ ፖለቲካ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ አባቱና ዱቦይስ የተሳሉት ስለት እንዲህ ዘግይቶ ተፈጸመ። የመብት ትግሉን ታሪክ በሚያሳየው ታላቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተራኪው እርሱ ነበር፤ ከ1998 እስከ 2010 የጥቁሮችን አንጋፋ ማኅበር በሊቀ መንበርነት መራ። በነሐሴ 15 ቀን 2015 በ75 ዓመቱ በፍሎሪዳ ዐረፈ።

በአትላንታና በዙሪያዋ፣ በክላርክስተንም የምትኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ፤ ይህም ንግግር ታትሞ እጃችሁ ይገባ ይሆናል። ወርቀ ጕልላቱ ያለበት የምክር ቤቱ ግቢ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ብዙዎቻችሁ በመኪና ስታልፉ ታዩታላችሁ። በግቢው ውስጥ «በቀለማቸው ምክንያት የተባረሩ» የሚባል ሐውልት ቆሞአል፤ የተሠራው ለ1868ቱ 33 እንደራሴዎች መታሰቢያ ነው፤ የተተከለውም በ1978፣ ቦንድ በዚያው ሕንፃ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ በሚያገለግልበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሐውልቱን አሳዩአቸው፣ ከዚያም ከደረጃው ወጥታችሁ ግቡና፣ የእናንተን ሰፈር የሚወክለው ሰው የትኛው መንበር ላይ እንደሚቀመጥ ጠይቁ።